ገደኛው ፊርማ

ፈትለወርቅ አሳንሰር አትወድም ነበር። ጄኔቭ ከገባች ጀምሮ የምትሠራበት የልብስ ማስተካከያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም፣ ጠዋት ማታ በደረጃ ነው የምትወጣው የምትወርደው። የዚያን ዕለት ግን አሠሪዋ ማዳም ሮሻ ሦስት የሙሽራ ቀሚስ አሸከመቻትና «በደረጃ ከወጣሽ ጫፉ አቧራ ይጠርጋል» ብላ እየገፋች አሳንሰሩ ውስጥ አስገባቻት።

አሳንሰሩም የጠበቃት ይመስል፣ ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ ሦስተኛው ሳይደርስ ቀጥ አለ። መብራቱም ጠፋ።

ፈትለወርቅ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ተጣራች። መልስ የለም። ደወሉን ተጫነች። አሁንም ዝም። ከዚያ ወዲያ ፈረንሳይኛው ከአፏ ጠፋና በእናቷ ቋንቋ ጀመረች።

«እመብርሃን! እባክሽ አውጪኝ! እዚህ ሳጥን ውስጥ አታስቀሪኝ! ካወጣሽኝ የቁመቴን ያህል ጧፍ አበራልሻለሁ!»

ከራሷ በላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ጥርት ያለ አማርኛ መለሰላት።

«አይዞሽ እኅቴ፣ መጣሁ። ከበሩ ራቅ በይ።»

ቀሚሶቹን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነህ?»

«ኅሩይ እባላለሁ።»

«ከ... ከሰማይ ነህ?»

«የለም፣ ከዙሪክ ነኝ።»

ጣሪያው ተከፈተና የባትሪ መብራት ወረደ። ከመብራቱ ኋላ ግራሶ የነካው ፊትና ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ታዩ። እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን እጇን ትታ ቀሚሶቹን አቀበለችው።

«መጀመሪያ እነዚህን። ግራሶ እንዳይነካቸው፣ አደራ!»

«ሰው እያለ ልብስ ነው የሚተርፈው?»

«ልብሱም የሰው ነው። ቅዳሜ ይሰረግበታል።»

ኅሩይ እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳቀ ብዙ ዘመን እንደሆነው ያወቀችው ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ሳቁ እየተንከባለለ በጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ ሰማችና ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ።

*

ዘመኑ በአገር ቤት ደርግ የነገሠበት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ነበር። ኅሩይ አብዮቱ ሳይፈነዳ ለቴክኒክ ትምህርት ወደ ዙሪክ ተልኮ፣ ጓደኞቹ እየታሰሩ መሆኑን ሲሰማ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አሳንሰር ጠጋኝ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ጄኔቭ ውስጥ ጥቂት ሕንፃዎች ስለያዘ በየጊዜው ወደዚያ ይልከዋል፤ ያን ዕለትም ለምርመራ ከላይ ሳለ ነው ጩኸቷን የሰማው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማዳም ሮሻ ሕንፃ አሳንሰር ምርመራ በዛበት። ማዳም ሮሻም መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ትቀልዳለች።

«ይህ አሳንሰር ከኔ የበለጠ ሐኪም አለው። ምን አመመው ዛሬ?»

ኅሩይ አፍሮ ወደ ጫማው ያያል። ፈትለወርቅ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ሥራ ሲያልቅ ሁለቱ በሐይቁ ዳር ይሄዳሉ። እሱ የራሱን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፤ ግማሹን ይሰጣታል። ካፌ እንግባ ስትለው «አየሩ መልካም ነው» ይላል፤ ዝናብ ሲዘንብም መልካም ነው ይላል። ከፈረንጆቹ በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በሚኖርበት እሑድ ከኋላ ይቆማል። ዞር ስትል ዓይኗ ዓይኑ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጸሎቱን እንዳልሰሙ ስለሚያውቁ እንደ ሌባ ይደነግጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልቧን ይከነክናት ነበር። ስለ ትናንት ስታወራው ይጫወታል፤ ስለ ዛሬም ይጫወታል። «የከርሞ ሰው ይበለንና» ብላ ስትጀምር ግን ፊቱ እንደዚያ ቀን አሳንሰር ይጨልማል።

ያሳደገቻትና እዚሁ ጄኔቭ አብራት የምትኖረው አክስቷ እትዬ የሻረግ ደግሞ ዝምታ የምትችል ሴት አልነበረችም።

«እኔ የምልሽ፣ ይኼ ልጅ የሚጠግነው አሳንሰሩን ነው ወይስ አንቺን?»

«እትዬ!»

«ሁለት ፋሲካ አለፈ እኮ። ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ነው የሚመጡት? በአሳንሰርም ቢሆን እስካሁን ይደርሱ ነበር።»

ፈትለወርቅ ሳቀች። ሌሊቱን ግን ትራሷ አልሳቀም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቆርጣ ጠየቀችው።

«ኅሩይ፣ ቤተሰቦቼ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

አንዲት ጀልባ መጥታ ሰው አውርዳ ሰው ጭና ተመለሰች።

«አትጠብቂኝ በያቸው» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ... አንቺ አትጠብቂኝ፣ ፈትሌ።»

«ሌላ ሰው አለህ?»

«ስለ አምላክ! የት አግኝቼ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። የዓይኑ ቆብ ረጥቦ ነበር። ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ። ከዚያ በኋላ አሳንሰሩን ለመመርመር የመጣው ፂማምና ቁጡ የአገሬው ሰው ሆነ።

*

ፍልሰታን ጾመች፣ ሱባዔዋን ጨረሰች። እመቤታችንን «እሱን አምጪልኝ» ብላ አልለመነቻትም፤ «እውነቱን አሳዪኝ» ነው ያለቻት። ሲፈሰክ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ተሳፍራ ዙሪክ ወረደች።

ኅሩይ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር እንደሚኖር ታውቃለች። ተመሳሳይ ሕንፃዎች ተደርድረው በተሠሩበት መንገድ ላይ በሩን ስትፈልግ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት የገበያ ዘምቢል ይዘው ሲመጡ አየች። መልካቸው የአገሯ ነው። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«ማንን ፈለግሽ ልጄ?»

«ኅሩይ የሚባል፣ አሳንሰር የሚጠግን...»

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ፈገግ አሉ። «ባለ ቀሚሶቿ አንቺ ነሽ» አሉ። «እኔ ጎረቤቱ ወልደሥላሴ ነኝ። ነይ እንውጣ። አሳንሰር የለውም ሕንፃው፤ ጫማ ሰፊ በባዶ እግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው።»

ጋሼ ወልደሥላሴ አዲስ አበባ ሳሉ ዘመናቸውን ሁሉ በፍርድ ቤት ሥራ ያሳለፉ፣ ለውጡ ሲመጣ ልጃቸውን ተከትለው የወጡ ጡረተኛ ናቸው። በሩን አንኳኩተው «እንግዳ አለህ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ኅሩይ በሩን ከፍቶ ሲያያት ደረቀ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ሬዲዮን፣ የመሣሪያ ሳጥን አለ። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥሩ መጽሐፍ ቅዱስ። ሌላ ምንም የለም። ወንበሩን ለሷ ሰጥቶ እሱ እንደ ተከሳሽ ቆመ።

«የመጣሁት ልለምንህ አይደለም» አለች። «ልስማህ ነው። ንገረኝና እሄዳለሁ።»

እሱም ነገራት።

ነገሩ የተጀመረው አስፋው በሚባል ያገሩ ልጅ ነው። አስፋው ቤተሰቡን በሱዳን በኩል ለማስወጣት ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ገንዘብ ለመውሰድ ፈለገና «እማኝ ሁነኝ» አለው። ኅሩይ አባቱ ስንት ጊዜ ለሰው እማኝ ሆነው ሲፈርሙ ያየ ልጅ ነው። እማኝ ማለት ውሉ ሲደረግ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው ነው። ፈረመ። አስፋውም ገንዘቡን በማግስቱ አገኘ።

«ያኔ ወሬው ተዛመተ» አለ ኅሩይ። «የኅሩይ ፊርማ ገድ አለው ተባለ። እሱ ከፈረመ አበዳሪዎቹ ዓይናቸውን አያሹም ተባለ። ሌሎች ሁለት መጡ። ፈረምኩ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስም ብሎኝ ነበር። ሰው ሲፈልግሽ ደስ ይላል።»

«እና?»

«እና፣ እኔ የፈረምኩት በእማኝ ቦታ አልነበረም። እዚህ አገር ገንዘብ ሰጪ እማኝ አይጠይቅም። የፈረምኩት 'አብሬ ተበድሬአለሁ' በሚለው ላይ ነው። ቋሚ ሥራ ያለኝ እኔ ስለነበርኩ ነው ገዱ።»

አንደኛው ተበዳሪ ካናዳ ገባ፤ ሌላው ስዊድን። አስፋው ታመመና ከሥራ ወጣ። የክፈል ትእዛዙ ወደ ኅሩይ መጣ። እቃወማለሁ ለማለት ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ መቃወም ጓደኛን መካድ መሰለውና ዝም አለ። ከዚያ ከደመወዙ በየወሩ መቁረጥ ጀመሩ። የሚቆረጠው ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ስድስት ዓመት ከፍሎ ዕዳው ከጀመረበት በልጦ ተገኘ።

«ውኃ በወንፊት ነው የምቀዳው» አለ። «ባገባሽ አንቺንም ይዤሽ ነው የምሰምጠው። የስፌት መኪናሽን ይወስዳሉ። ደመወዝሽን ይቆርጣሉ። ሙሽሮች ልብሳቸውን አምነው ላንቺ ይሰጣሉ፤ እኔ እንዴት አድርጌ...»

ፈትለወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኅሩይ የምታለቅስ መስሎት ቀረበ። እየሳቀች ነበር፤ ግን እንባዋም ይወርዳል።

«እማኝ!» አለች። «አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ሌላ ሚስት፣ የተወለደ ልጅ፣ ምኑን ሁሉ አስቤ ከስቻለሁ! እማኝ!»

«አያስቅም፣ ፈትሌ።»

«አያስቅም። እኔን ከስፌት መኪናዬ ጋር አብረህ መዝነህ መኪናው በለጠብህ፤ እሱ አያስቅም።»

*

ሰኞ ዕለት ለማዳም ሮሻ ሁሉንም ነገረቻት። ማዳም ሮሻ መቀሷን አስቀመጠች።

«ወደ ፋይት ለምን አይሄድም?» አለች።

ፋይት ማለት በነሱ አነጋገር መክሰር ነው። ፈትለወርቅ ቃሉን ሰምታው ታውቃለች፤ ትልልቅ ሱቆች ሲዘጉ ይባላል።

«እሱ ነጋዴ አይደለም እኮ ማዳም።»

«ሰው መሆን ይበቃል። እኔ ከዚህ በፊት ሱቅ ነበረኝ፤ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ባሌ ሲሞት ዕዳውን ይዤ ቀረሁ። አራት ዓመት ደወል በተደወለ ቁጥር ከአልጋ ሥር መግባት እስኪቀረኝ ድረስ ፈራሁ። በመጨረሻ ራሴ ዳኛ ፊት ሄድኩና 'መክፈል አልቻልኩም' አልኩ። ያለኝን ጻፉ፣ የሚሸጠውን ሸጡ፣ ለባለ ገንዘቦቹ አካፈሉ። ለቀረው ዕዳ የማስረጃ ወረቀት ሰጧቸው። ወለዱ ቆመ። ሀብታም እስካልሆንኩ ድረስ ማንም ሊያሳድደኝ አይችልም ተባለ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ይኸው ሀብታም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ።»

«ዕዳው ጠፋ ማለት ነው?»

«አይጠፋም። ይተኛል። አንቺ ግን ትነቂያለሽ። ቀላል ነው አልልሽም፤ ስምሽ በጋዜጣ ይወጣል፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዳቦ ቤት ውስጥ ዝም ይላል። እሱ ያልፋል። ከአልጋ ሥር መኖር ነው የማያልፈው።»

ፈትለወርቅ ይህን ይዛ እሑድ ዙሪክ ተመለሰች። ጋሼ ወልደሥላሴ ለምሳ ጠርተዋቸው ነበር። ገና ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ኅሩይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ኮንኩርስ?» አለ፤ በዙሪክ አፍ ስሙ ይህ ነው። «ሥራ ቦታ ሲወራ ሰምቼዋለሁ። አላደርገውም።»

«ለምን?»

«ፈትሌ፣ አባቴ የሰው ገንዘብ ይዞ አልሞተም። የሞተ ዕለት አልቀበርኩትም፤ ደርግ አላስገባኝም። ስሙን ብቻ ነው የያዝኩለት። 'የእገሌ ልጅ ከሰረ፣ ካደ' እንዲባል ነው የምትፈልጊው?»

«መካድ አይደለም እኮ! ሄደህ 'አለብኝ' ነው የምትለው!»

«ያው ነው።»

«ግትር!»

«ግትር ነኝ።»

ጋሼ ወልደሥላሴ ሁለቱን በተራ ሲያዩ ቆዩና አፋቸውን በፎጣ ጠረጉ።

«ኅሩይ፣ ቁራኛ ታውቃለህ?»

«ሲባል እሰማለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው 'ይማርህ' ይላል። እየተሰዳደቡም ቢሆን አብረው ናቸው። ግን ቋጠሮው ለዘላለም አልነበረም። የሚቋጠሩት ወደ ዳኛ ለመሄድ ነው። ዳኛ ፊት ሲደርሱ ይፈታል፤ ፍርዱ ያም ሆነ ይህ።»

ኅሩይ አንገቱን ደፋ።

«አንተ ስድስት ዓመት ተቋጥረህ ትዞራለህ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስከ ዛሬ ግን ዳኛ ፊት አልደረስክም። አባትህን የማውቃቸው በስም ነው፤ ቢሆንም ከዳኛ የሚሸሽ ሰው ነበሩ ብዬ አላስብም።»

ኅሩይ ማንኪያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ደግሞስ» አሉ ጋሼ ወልደሥላሴ፣ «ሙሴ በሰባተኛው ዓመት ዕዳ ይተው ብሎ ሲያዝ ለሰነፍ መጠጊያ ብሎ ነው? ሰው ስድስት ዓመት ሞክሮ ሲያቅተው እግዚአብሔር ያውቀዋል። ላንተም ሰባተኛው ዓመት ሊገባልህ ነው። በል ወጡ ቀዘቀዘ፣ ብላ።»

ኅሩይ አልበላም። ግን ከዚያ በኋላ «አላደርገውም» የሚለውን ቃል አልደገመውም።

*

ኅሩይ በመጨረሻ እሺ ቢልም፣ ለፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ኅሩይ ይህን የት አገኛለሁ እያለ ሲጨነቅ፣ ጋሼ ወልደሥላሴ የላኩበት አስፋው ራሱ በሩ ላይ ተገኘ። ድኖ ዲቤንዶርፍ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ሥራ ጀምሯል። ባለፉት ዓመታት ኅሩይን በሩቅ ሲያየው መንገድ ያቋርጥ ነበር።

«ያኔ ፊርማህን ወሰድኩብህ» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «ሙሉውን ልመልስ አልችልም። ይኼን ግን ከደመወዜ ለብቻ አስቀምጬዋለሁ። ከዚህ ጀምር።»

ኅሩይ ገንዘቡን ሳይሆን መጀመሪያ አስፋውን ነው የተቀበለው። አንገት ለአንገት ተያይዘው ቆዩ።

«ግን ስማ» አለው ኅሩይ፣ «እማኝ ሁነኝ እንዳትለኝ።»

«ልጄን ክርስትና አንሣልኝ ልል ነበር።»

«እሱ ፊርማ አለው?»

ፈትለወርቅ በቀጠሮው ዋዜማ መጥታ ጋሼ ወልደሥላሴ ዘንድ አድራ ነበር። ጠዋት ኅሩይ ካፖርቱን ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስቲ ቁም» አለችው። ጎንበስ አለችና የነጠላዋን ጥለት ከካፖርቱ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የማይፈታ ቋጠሮ ታውቃለች።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ባለ ገንዘብ ነኝ። የኔም ዕዳ አለብህ፤ ሁለት ፋሲካ አስጠብቀኸኛል። ቁራኛዬ ነህ፤ ሂድ ወደ ዳኛ።»

በትራሙ ውስጥ ሰዎች ቋጠሮውን እያዩ እንዳላዩ ሆኑ፤ ዙሪክ እንዲህ ናት። አንዲት አሮጊት ብቻ ለኅሩይ ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ኅሩይ ሦስት ፌርማታ እንዳለፉ ትንፋሹ ተስተካከለ። አምስተኛው ላይ እጇን ያዘ።

ዳኛው መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ኅሩይ የሚጮኹበት መስሎት ነበር። አልጮኹም። ወረቀቶቹን አገላብጠው ጠየቁት።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?»

«እኔ አንድ ሳንቲም አላየሁም፣ ክቡር ዳኛ። እማኝ የሆንኩ መስሎኝ ነው የፈረምኩት። ግን ፊርማው የኔ ነው። አልክድም። መክፈል አልቻልኩም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ፈትለወርቅ በነጠላዋ በኩል ቋጠሮው ሲወጠር ተሰማት። ቀጥሎም ሲላላ ተሰማት፤ ከባድ ዕቃ ከትከሻው ያወረደ ሰው እንደሚላላ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና ቋጠሮውን አዩ።

«እኚህ ሴት ማን ናቸው?»

«ባለ ገንዘብ ናት፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። «ስማቸው እዚህ የለም።»

«የሷ እዚያ ውስጥ አይገባም» አለ ኅሩይ። ጀርመንኛው እንዲያ ጥርት ብሎ ወጥቶለት አያውቅም። «የሷን እከፍላለሁ።»

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መጻፏን አቆመች። ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው ሲያደርጉ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ቢጤ አለፈ። ከዚያም ውሳኔውን አነበቡ። ማመልከቻውን ተቀበሉለት።

ፈትለወርቅ እዚያው ቋጠሮውን ፈታች። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላስቸኮላትም።

*

ቆይቶ ከኪሳራ ጉዳይ ቢሮ አንድ ሰው ንብረቱን ሊጽፍ መጣ። ኅሩይ ሁሉን ከግድግዳ አውርዶ በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ጠበቀው። ሰውዬው አልጋውን አየና አለፈ። ወንበሩን አለፈ። የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ «በዚህ ነው የሚሠሩት?» አለና ዘጋው። ሬዲዮኑን ጻፈ። መጽሐፍ ቅዱሱንና ሥዕሉን ሲያይ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ኅሩይ አቀረበለት።

«እነዚህን መልሰው ይስቀሉ። ሕጉ አይነካቸውም። የሰው የጸሎት መጽሐፍና የሙያው መሣሪያ አይወሰድም።»

ኅሩይ ይህን ለፈትለወርቅ በስልክ ደጋግሞ ነገራት። «ገባሽ? ሕጋቸው መጽሐፍ ቅዱሴን ያውቀዋል! የስፌት መኪናሽንም ጠየቅኩት። የእጅ ሥራዋና መሣሪያዋ የራሷ ነው አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኮ አንድ ሰው አልጠየቅኩም፣ ፈትሌ!»

የደመወዙ መቆረጥ ቆመ። ሙሉ ደመወዝ በተቀበለበት የመጀመሪያ ወር ጄኔቭ መጥቶ ካፌ አስገባት። ዝናብ እየዘነበ ነበር። «አየሩ መልካም አይደለም» አለ፤ እየሳቀ።

ወሬው ግን መንገድ ላይ አልቀረም። እትዬ የሻረግ ዘንድ ሲደርስ «ከሰረ» ብቻ ሆኖ ደረሰ። ጋሼ ወልደሥላሴ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ በወግ ተቀብላ፣ በወግ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?»

«ምንም የለውም።»

«እንዲህ ነው ልጅ የሚጠየቀው፣ ጋሼ?»

«ወይዘሮ የሻረግ፣ እስካሁን ፈትለወርቅን ስንት ሰው ጠይቋል?»

«ይቆጠራል? አንዱ ቤት አለኝ ይላል፣ አንዱ መኪና አለኝ ይላል...»

«ወረቀት አሳይተዋል?»

«ምን ወረቀት?»

«እነሱ አለን ይላሉ፣ ማስረጃ የላቸውም። የኔ ልጅ ምንም እንደሌለው በዳኛ ተረጋግጦለታል። በዚህ አገር እንደሱ እውነቱ የታወቀ ባል ያገኛሉ?»

እትዬ የሻረግ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ወጣ። ሳቁ እንባ እስኪያመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ደግሞ ረጋ ብላ ጠየቀች።

«ያን ሁሉ ዓመት ሳይነግራት የቆየው እሷን እንዳይጎዳ ብሎ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ጅል ነው» አለች እትዬ የሻረግ። «ጅልነቱ ይወጣለታል። ክፋት ነበር የማይወጣው። ቀን እንቁረጥ።»

*

የጋብቻውን ውል የፈረሙት ዙሪክ ነው፣ ወንዙ ዳር ባለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት። ቅዱስ ጋብቻው ካህን ሲመጣ በጾም መፍቻው ይፈጸማል ተብሎ ተቀጥሯል። ፈትለወርቅ ቀሚሷን ራሷ ሰፍታ፣ ማዳም ሮሻ ደግሞ ጫፉን ይዛ፣ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ ወጡ። የአገሩ ሕግ ሁለት እማኝ ይጠይቃል። በሷ በኩል ማዳም ሮሻ፣ በሱ በኩል ጋሼ ወልደሥላሴ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ወረቀቱን ዘረጋችና እስክሪብቶውን ለኅሩይ ሰጠችው።

ኅሩይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ወረቀቱን ከላይ ጀመረ። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ለፈትለወርቅም በጆሮዋ በአማርኛ ተረጎመላት። ሹሟ ሰዓቷን አየች። አስፋው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ የሻረግ «ምነው፣ ሐሳቡን ለወጠ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«ፈትሌ፣ እዚህ ላይ አብረን የሚል አለ» አለ ኅሩይ። «አብረን እንኖራለን፣ አብረን እንረዳዳለን ይላል።»

«ገብቶሃል?»

«አሁን ገብቶኛል» አለና ፈረመ።

እስክሪብቶው ለጋሼ ወልደሥላሴ ሲደርስ አዛውንቱ በአየር ላይ ያዙት።

«እመቤቴ» አሉ ለሹሟ በሚያስቅ ጀርመንኛ፣ «እኔ የምፈርመው በእማኝ ቦታ ነው? በደንብ ይዩልኝ። እነዚህ ቢጣሉ እኔ አልከፍልም አይደል?»

ሹሟ ምን እንደሆነ ባይገባትም የክፍሉ ሰው ሁሉ ሲስቅ አብራ ሳቀች።

ሲወጡ ነፋሱ ከወንዙ ይነፍስ ነበር። ድልድዩ ላይ ኅሩይ ቆመ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አነሣና ጥለቱን ከኮቱ ጫፍ ጋር መቋጠር ጀመረ። እጁ ብረት የለመደ እጅ ነው፤ ቋጠሮው አላምር አለው።

«እንዲህ አይደለም» አለች ፈትለወርቅ።

«አሳዪኝ።»

«ይኼኛውን ማን ሊፈታልህ ነው?»

«እኔ እንጃ። ዳኛው ጡረታ ይወጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ጣቶቿን በጣቶቹ ላይ አድርጋ አስጠበቀችው። ትራሙ መጣ። ከኋላ ያሉት በቀረባቸው በር ተሯሩጠው ገቡ፤ ማዳም ሮሻና እትዬ የሻረግ በፊተኛው፣ አስፋውና ጋሼ ወልደሥላሴ በኋለኛው። ሙሽሮቹ እንዳይሮጡ ቋጠሮው ያዛቸው። ሾፌሩ በመስተዋት አይቷቸው ጠበቀ። እነሱም ቀስ ብለው፣ እግር ለእግር እየተጠባበቁ፣ በአንድ በር ገቡ።